«ውጣልኝ» ከማለት በፊት



ከጥቂት ወራት በፊት፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሻይ ስንጠጣ፣ አንድ ወንድማችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ጥያቄ አቀረበልን። ይህ ወንድማችን ከካልጋሪ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ በሚገኘው በሲቲስኬፕ ሰፈር ቤት ገዝቶ ላይኛውን ከነቤተሰቡ ይኖርበታል፤ በጎን በኩል የራሱ በር ያለውን ምድር ቤት ደግሞ ከአገር ቤት ከመጣ ሁለት ዓመት ላልሞላው ወገናችን አከራይቶታል። ተከራዩ ሥራው ከቆመ ወዲህ የሦስት ወር ኪራይ አልከፈለም። ባንኩ ግን ወሩን እየቆጠረ የቤቱን ዕዳ መጠየቁን አላቋረጠም። «የማስለቀቂያ ወረቀት ልሰጠው ብዬ ጻፍሁ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። አብረን እያስቀደስን፣ ወገኔን በወረቀት አስወጥቼ እንዴት አድርጌ ፊቱን አያለሁ? ኃጢአትስ አይሆንብኝም ወይ?» አለን።

እኛም «ትንሽ ታገሥ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አልነው። መልሳችን ግን እርሱንም እኛንም ያረካ አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ ተከራዩን አገኘነው፤ ሳንጠይቀውም ጭንቀቱን አወራን። «ወረቀትስ አልሰጠኝም» አለ፤ «ነገር ግን ሰላምታዬን አይመልስልኝም። ልጆቹ ወደ እኔ እንዳይወርዱ ከልክሏል። ማታ ማታ ማሞቂያውን ዝቅ ያደርገዋል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ በደረጃው ላይ ቆሞ እስከ እሑድ ሌላ ቤት ፈልግ አለኝ።»

እነሆ፣ ወረቀት መስጠት የከበደው እጅ የማሞቂያውን ቁልፍ ማዞር አልከበደውም። ይህን የምንጽፈው ወንድማችንን ለመክሰስ አይደለም፤ እርሱ ክፉ ሰው አለመሆኑን እናውቃለንና። የምንጽፈው በእርሱ ላይ የደረሰው ስሕተት የብዙዎቻችን ስሕተት ነው ብለን ስለምናምን ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በመካከላችን ወረቀት ሲገባ ፍቅር የወጣ ይመስለናል። የቃል ነገር የወዳጅ፣ የጽሑፍ ነገር የባላጋራ ነው እንላለን። በዚህም ምክንያት ቤት ስናከራይ ውል አንጽፍም፤ ነገሩ ሲበላሽም ማስታወቂያ አንጽፍም፤ በምትኩ ግን እንኮራረፋለን፣ እናማለን፣ በሩን እንደበድባለን።

እንግዲህ ጥያቄውን በትክክል እናስቀምጠው። ጥያቄው «ክርስቲያን ሰው ተከራዩን ማስወጣት ይችላልን?» የሚለው ብቻ አይደለም። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ ከደጃችን ልናስወጣው ሥልጣን ላለን ሰው ምን ዕዳ አለብን? የሚለው ነው። የእኛ መልስ አጭር ነው፤ ምክንያቱን ልንነግረው፣ ጊዜ ልንሰጠው፣ መልሱንም ልንሰማው ዕዳ አለብን። እነዚህ ሦስቱ ባሉበት መለያየት ያሳዝናል እንጂ አያዋርድም። እነዚህ በሌሉበት ግን አንድ ቀን ተጨማሪ ማሳደርም ቢሆን ምሕረት አይባልም።

የምንኖርበት የአልበርታ ክፍለ ሀገር ሕግ በዚህ ረገድ ምን እንደሚያዝ ብዙዎቻችን ጠንቅቀን አናውቅም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የመኖሪያ ቤት ተከራይነት ሕግ፣ ተከራዩ ኪራይ ባለመክፈል ወይም በሌላ ጉልህ ጥፋት ውሉን ሲያፈርስ፣ ለአከራዩ ሁለት መንገድ ይሰጠዋል። አንደኛው ቢያንስ የ14 ቀን ጊዜ ያለው የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት ነው፤ ሁለተኛው በቀጥታ ለዳኝነት ማመልከት ነው። ማስታወቂያው በደረጃ ላይ በተነገረ ቃል አይተካም። የቤቱ አድራሻ፣ ምክንያቱ፣ ያልተከፈለው ገንዘብ መጠን፣ ተከራይነቱ የሚያበቃበት ቀንና የአከራዩ ፊርማ ሊኖሩበት ይገባል። በእጅ ይሰጣል፣ ወይም በአገራችን ሪኮማንዴ በምንለው የአደራ ደብዳቤ ይላካል። ተከራዩ ሲጠፋ ወይም ሆን ብሎ ሲሸሽ ደግሞ አብሮት ለሚኖር አዋቂ ሰው መስጠት ወይም በቤቱ ጉልህ ስፍራ ላይ መለጠፍ ይፈቀዳል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የኪራይ ዕዳ ሲሆን፣ በማስታወቂያው የተወሰነው ቀን ከማለፉ በፊት ተከራዩ ውዝፉንና ከዚያ ወዲህ የደረሰውን አጠናቆ ቢከፍል፣ ወረቀቱ ዋጋ ያጣል፤ ተከራይነቱም ይቀጥላል። ምክንያቱ ከኪራይ ሌላ ከሆነም ተከራዩ በጽሑፍ ሊቃወም ይችላል፤ ያን ጊዜ አከራዩ ነገሩን ወደ ዳኝነት ካልወሰደ በቀር ማስታወቂያው አይሠራም። ስለዚህ ያ ወረቀት የፍርድ ቃል አይደለም፤ ለጥያቄ መልስ የሚጠብቅ ደብዳቤ ነው ቢባል ይቀላል። ወሩ ሲያልቅ በራሱ በሚታደስ ውል የሚኖርና ምንም ጥፋት የሌለበት ተከራይ ደግሞ፣ ባለቤቱ ወይም ዘመዱ ሊገባበት እንደ መፈለግ ባሉ ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ካልሆነ በቀር አይነሣም፤ ሲነሣም ቢያንስ የሦስት ወር ማስታወቂያ ይገባዋል። የ24 ሰዓት ብቻ ማስታወቂያ የተፈቀደው በሰው ላይ ድብደባ ወይም የድብደባ ዛቻ ሲኖር፣ ወይም በቤቱ ላይ ከባድ ጉዳት ሲደርስ ነው።

ቀኑ አልፎ ተከራዩ አልወጣም ቢል እንኳ አከራዩ ቁልፍ ለውጦ ሊዘጋበት ወይም ዕቃውን ደጅ ሊያወጣበት መብት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ወደ ጀመረው የአከራይና ተከራይ ክርክር መፍቻ አገልግሎት ወይም ወደ ፍርድ ቤት ማመልከት አለበት። በዚያም የተሾመው ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ፣ ሁለቱንም ወገኖች ይሰማል። የሚሰጠው ትእዛዝ በኪንግስ ቤንች ፍርድ ቤት ሲመዘገብ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ኃይል ያገኛል፤ ማስወጣቱንም የሚፈጽመው ባለቤቱ ሳይሆን ሕግ ያቆመው አስፈጻሚ ነው። ማሞቂያን ስለ መቀነስ ለሚጠይቀንም፣ የአልበርታ የመኖሪያ ቤት የጤና ደንብ መኖሪያ ክፍሎች እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ እንዲችሉ ያዝዛል ብለን እንመልሳለን። ያልተከፈለ ኪራይ በብርድ አይሰበሰብም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ጠበቃ ለመሆን ፈልገን አይደለም፤ ከሕጉ በስተጀርባ ያለውን አሳብ ለማሳየት ነው። አሳቡም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ላይ ስለ አበዳሪ የተሠራውን ሥርዓት እናስታውስ። አበዳሪው መያዣውን ለመቀበል ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ፣ ተበዳሪው ራሱ ይዞ እንዲወጣለት ታዝዟል። ገንዘቡ የአበዳሪው መሆኑ አልተካደም፤ ነገር ግን ደጃፉ የድሀው ነው፤ ክብሩም ከዕዳው ጋር አብሮ አልተያዘም። የአልበርታ ሕግም አከራዩ ለጥገና ወይም ለቁጥጥር ወደ ተከራዩ ክፍል ሲገባ ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያስታውቅ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲገባ፣ በተከራዩም የአምልኮ ቀን እንዳይገባ ያዝዛል። በሁለቱ መካከል የሺህ ዓመታት ርቀት አለ፤ ሁለቱም ግን ባለመብቱን በደጃፉ ላይ ያቆሙታል።

ወደ አገራችንም እንመለስ። በቀድሞው ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን መሰብሰብ ነበረበት፤ መንገደኛም ቢሆን በመካከላቸው ተቀምጦ ነገራቸውን ይሰማ ነበር። ባለዕዳና ባለገንዘብም በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ወደ ዳኛ አብረው ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይመለስ የሚል ያለ አይመስለንም፤ ለሰው ልጅ የሚገባ ሥርዓት አልነበረምና። ይሁን እንጂ አንድ እውነት ይዟል፤ ዕዳ ሁለት ሰዎችን ያስራል፣ ነገሩ እስኪቆረጥ ድረስ አንዱ ከሌላው ሸሽቶ ነጻ አይወጣም። ዛሬ በደጃፍ ላይ የሚሰጠው ወረቀት፣ በአግባቡ ከተሰጠ፣ ያ የጥንቱ «በሕግ አምላክ» ነው፤ እጅህን ሰብስብ፣ እጄን ልሰብስብ፣ ነገራችን ይሰማ ማለት ነው።

ከአንባቢዎቻችን መካከል አዛውንቶቹ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበትን አዋጅ ቁጥር 47 ያስታውሳሉ። በዚያን ዕለት ከአንዳንዶቻችን ወላጆች እጅ ቤት ወጣ፤ ለአንዳንዶቻችን ወላጆች ደግሞ ኪራይ ቀነሰላቸው፤ የቀበሌ ቤትም መጠጊያ ሆናቸው። ስለዚህ በዚህ አጥቢያ የአከራይ ልጅና የተከራይ ልጅ በአንድ ምንጣፍ ላይ ቆመን እናስቀድሳለን፤ ስለ ቤት የምናስበውም ከዚያ ትዝታ ይነሣል። አንዱ «የገዛ ቤቴን ዳግመኛ ሊወስዱብኝ ነው» ብሎ ይሰጋል፤ ሌላው «ዛሬም ጌታ አለብኝ» ብሎ ይመርረዋል። በአገር ቤትም ጥያቄው ገና አልተዘጋም፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አዝዟል።

በእርግጥ የአከራዩን ሸክም የማያይ ፍርድ ፍርድ አይደለም። በሲቲስኬፕ ቤት የገዛው ወንድማችን ባለጸጋ አይደለም፤ በሌሊት ተራ የሚሠራ፣ ሚስቱም በሁለት ቦታ የምትሠራ ሰው ነው። የካናዳ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 መጀመሪያ ከነበረበት ሩብ በመቶ ተነሥቶ በሐምሌ 2023 5 በመቶ ሲደርስ፣ እንደ እርሱ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ወርኃዊ ክፍያቸው እጅግ ከበደባቸው። ወለዱ ከ2024 ጀምሮ ቢቀንስም የተጠራቀመው ዕዳ ወዲያው አይቀልም። ለእንዲህ ያለ ሰው የምድር ቤቱ ኪራይ ትርፍ ሳይሆን ቤቱን የሚያቆም ምሰሶ ነው። ሦስት ወር ያልተከፈለው ሰው «ይበቃኛል» ቢል አልበደለም። በደሉ የሚጀምረው ያን ቃል በብርድና በኩርፊያ ሲናገረው ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ወንድሙን ወደ ዳኛ የሚወስደውን አማኝ መገሠጹን ጠቅሰው የሚቃወሙን ይኖራሉ። ተግሣጹን አንሽርም። ነገር ግን ሐዋርያው በዚያው ስፍራ በመካከላችሁ አስታራቂ ጠቢብ ጠፋን? ብሎ መጠየቁን መዘንጋት የለብንም። እንግዲህ ሽማግሌ ይቅደም። ይሁንና እውነቱን እንናገር፤ የእኛ ሽምግልና ሁልጊዜ ሚዛኑን ይጠብቃልን? ቤት ያለው ሰው በኮሚቴ ውስጥ ይቀመጣል፣ ለሕንፃው ይለግሣል፣ ስሙ ይታወቃል፤ ትናንት የመጣው ግን በኋለኛው ረድፍ ቆሞ የሚወጣ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «በል ልጄ፣ ለሰላም ስትል ውጣ» ሲሉት፣ ይህ ዕርቅ ሳይሆን በሽበት የተሸፈነ ማስወጣት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ተከራዩ ሕግ እንዳለ ሲያውቅ ግን በሽማግሌ ፊት ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ ዕርቁም በፍርሃት ሳይሆን በፈቃድ ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ የሽምግልና ጠላት አይደለም።

በሌላ በኩል፣ ሕግ የፈቀደው ሁሉ የቀና ነው ብለን እንዳንታለል። በአልበርታ የተወሰነ ጊዜ ያለው ውል ቀኑ ሲደርስ ያለ ምንም ማስታወቂያ ያበቃል፤ አከራዩ እስከ መጨረሻው ዝም ቢል አያስጠይቀውም። ኪራይ የሚጨመረው በ365 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የጭማሪው መጠን ግን ጣሪያ የለውም። ስለዚህ ሊያስወጣው የፈለገውን ሰው የማይችለውን ኪራይ ጠይቆ የሚያስወጣ አለ፤ ይህም ስሙን የለወጠ «ውጣልኝ» ነው። ፈረንሳይ በየዓመቱ ከኅዳር 1 እስከ መጋቢት 31፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ ተከራይን በኃይል ማስወጣት በመሠረቱ እንዲቆም በሕግ ደንግጋለች። ከፓሪስ ክረምት የካልጋሪ ክረምት እንደሚከብድ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ እዚህ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ሕግ ወለል ነው፤ ከእርሱ በታች መውረድ አይፈቀድም፣ ከእርሱ በላይ መውጣት ግን ለኅሊና የተተወ ነው።

ኅሊና ከሁሉ ይልቅ የሚፈተንበት ስፍራ ደግሞ አለ። አከራዩ ከተከራዩ ጋር በአንድ ቤት እየኖረ ኩሽናውንና ሳሎኑን አብሮ የሚጠቀም ከሆነ፣ የተከራይነቱ ሕግ አይመለከታቸውም። አዲስ የመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚያርፉት እንዲህ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ እንደ እግዜር እንግዳ ገብተው ይበላሉ፤ ከዚያ ደባል ይሆናሉ፤ ከዚያም መቼ እንደ ሆነ ሳይታወቅ ተከራይ ይባላሉ። እንግዳ ሳሉ ምስጋና ይጠበቅባቸዋል፤ ተከራይ ሲሆኑ ገንዘብ ይጠበቅባቸዋል፤ ጠብ በመጣ ጊዜ ደግሞ ሁለቱንም ተጠይቀው የእንግዳውም ክብር የተከራዩም መብት አይኖራቸውም። እነዚህን ሰዎች በአንድ ሌሊት ብናስወጣ በዚያ ሕግ የሚጠይቀን የለም። እንግዲያውስ እውነተኛው ጥያቄ የሚጠየቀው በዚያ ነው። ሕግ ለጎረቤቱ ተከራይ ያዘዘውን 14 ቀን፣ የተጻፈ ምክንያትና መልስ የመስጠት ዕድል፣ ማንም ሳያስገድደን ለዚያ ሰው ብንሰጠው፣ ያን ጊዜ ስለ ፍቅር ለመናገር አፋችን ይከፈታል።

ለተከራዮችም የምንለው አለን። ሥራ የቆመበት ቀን ለአከራዩ የሚነገርበት ቀን ይሁን፤ ሦስተኛው ወር እስኪደርስ መደበቅ የሰውየውን ዕድል መስረቅ ነው። ዳኝነቱ ጊዜ እንደሚወስድ አውቆ፣ መክፈል እየቻለ በነጻ ለመኖር ሕጉን መሸሸጊያ የሚያደርግም በአከራዩ ልጆች ጉሮሮ ላይ ቆሟል። ወረቀት በደረሳችሁ ጊዜ ግን አትደንግጡ፤ እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ የሚያነብላችሁን ፈልጉ፤ በሌሊት ዕቃ ጠቅልላችሁ አትጥፉ። በተለይም የክርክሩ ስልክ በተደወለ ጊዜ ሳትገኙ አትቅሩ፤ የሌለ ሰው ቃል አይሰማምና። አከራይም የሆናችሁ፣ ወረቀቱን በእጃችሁ ስትሰጡ በአማርኛ አንብቡለት፤ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ እስከ መቼ ድረስ ምን ማድረግ እንደሚችል ንገሩት። ደጃፍ ላይ አምስት ደቂቃ መቆም ከብዙ ወር ሐሜት ያድናል።

የሲቲስኬፑ ወንድማችን በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሆኖ ወረቀቱን ይዞ ወረደ፤ በጎኑ በር በኩል አንኳኩቶ «ግባ» እስኪባል ቆመ። አነበበለት። ተከራዩ ውዝፉን በ14 ቀን ውስጥ መክፈል አልቻለም፤ ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ሊወጣ፣ ዕዳውንም ሥራ ሲይዝ በየወሩ ከፍሎ ሊጨርስ ተስማምተው ሁለቱም ፈረሙ። ማሞቂያው በዚያው ማታ ወደ ቦታው ተመለሰ። በወሩ መጨረሻ ዕቃውን በመኪናው ጭኖ ያደረሰለት ያው አከራዩ ነበር። ነገሩ በደስታ ተፈጸመ አንልም፤ አንድ ሰው ቤቱን አጥቷል፣ ሌላውም ገንዘቡን ገና አላገኘም። ባለፈው እሑድ ግን በአዳራሹ ደጃፍ ላይ ሲገናኙ አንዱ ለሌላው «ግባ፣ አንተ ቅደም» ሲል ሰምተናል።